የድሬዳዋ ወራትና የደቻቱ ወንዝ

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር)



ሰኔ ሲገባ በአዲስ አበባ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ጃንጥላውን ከተሰቀለበት ያወርዳል፤ ካፖርቱንም አራግፎ ይለብሳል፤ ጧት ከቢሮው ሲደርስ የጫማውን ጭቃ በበሩ ላይ እየጠረገ «ክረምቱ ገባ» ብሎ ለባልደረባው ይነግረዋል። በዚያው ሳምንት ወደ ድሬዳዋ የተዛወረው ወዳጁ ግን መስኮቱን ከፍቶ፥ እጅጌውን ሰብስቦ፥ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ ተቀምጧል። ከፊቱ ያለው ወረቀት በነፋስ እንዳይሄድበት ድንጋይ ጭኖበታል። የሰማዩ ቀለም አመድ ይመስላል፤ አመድ ያስመሰለው ግን ደመና ሳይሆን አቧራ ነው። በሁለቱም ቢሮዎች ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቊጠሪያ አንድ ነው፤ በሁለቱም ላይ «ሰኔ» ተብሎ ተጽፏል። ሰማዩ ግን አንድ አይደለም።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚሁ ነገር ነው። ለደጋው አገር የተሰፋ የዘመን አከፋፈል ለቆላው ከተማ ልኩ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚደርስ፥ ድሬዳዋ ከተቈረቈረችበት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ያየችውን እያስታወስን እንመለከታለን።

አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ክፍል ከፍለውታል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል፤ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ወይም በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። (ዛሬ ብዙ ሰው በጥቅምት የአደይ አበባ አይቶ «ጸደይ መጣ» ሲል ይሰማል፤ በአባቶች ቊጥር ግን የአበባው ጊዜ መፀው ነው። ስሕተቱ የመጣው የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ አበባ ወራት የሚናገሩትን ቃል በቃል ከመውሰድ ይመስለኛል።) የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ደግሞ ለሥራቸው እንዲመች ዓመቱን በሦስት ብቻ ይከፍሉታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፥ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ይሉታል።

ሁለቱም አከፋፈል በማረሻና በዘር፥ በአዝመራና በመከር የሚኖረውን የደገኛ ሕይወት በደንብ ይገልጻል። በድሬዳዋ ዙሪያ ያለው ሕዝብ ግን ወራቱን የሚጠራበት የራሱ ስም አለው። የኢሳ ሶማሌ ከብት አርቢ የመጋቢትና የሚያዝያውን ዝናብ ድራዕ፥ የሐምሌና የነሐሴውን ከረን ይለዋል። የአፋሩ አርቢ እነዚያኑ ሁለት ዝናሞች ሱጉምና ከርማ ብሎ ይጠራቸዋል። የኦሮሞው ገበሬ አርፋሳ፥ ገንና፥ ቢራ፥ ቦና ብሎ ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ከረን፥ ከርማና ክረምት ለጆሮ የተቀራረቡ ቃሎች ናቸው፤ ሁሉም የሚናገሩት ስለ አንድ ዝናብ ነውና። ልዩነቱ አርቢው ከክረምቱ ይልቅ የመጋቢቱን ዝናብ በጭንቀት የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ከረጅሙ በጋ በኋላ የከሳውን ከብት የሚያድነው ሣር የሚበቅለው በዚያ ዝናብ ነው። በደጋ አገር በልግ ቢጠፋ ገበሬው ክረምትን ተስፋ ያደርጋል፤ በቆላው ግን ክረምቱ እስኪደርስ ከብቱ ያልቃል።

አሁን ወደ ከተማዪቱ አመሠራረት እንመለስ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር በዚያን ጊዜ የምሥራቁ ንግድ ሁሉ መሰብሰቢያ፥ የቡናና የቆዳ ገበያ ስለ ነበረች ይህ አሳብ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከሰሜን በኩል ወደ እርስዋ ለመውጣት የደንገጎን ተራራ መውጣት ግድ ነው። በበረሃው ሜዳ እየተሳበ የመጣው ሐዲድ ያን ገደል ይውጣ ቢባል ወጪው ከኩባንያው አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከጅቡቲ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ በተራራው እግር ሥር፥ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ በ1895 ዓ.ም. ቆመ። ባቡሩ ያልደረሰባትን ከተማ ስም ተውሰው ሥፍራውን በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ብለውት ነበር። ኋላ ግን የአገሩ ስም አሸነፈና ድሬዳዋ ተባለ። ኩባንያውም በገንዘብ እጦት ወድቆ በሌላ ኩባንያ ከተተካ በኋላ ሐዲዱ ጉዞውን ቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

እንግዲህ ድሬዳዋ በዚህ ሥፍራ የተወለደችው ንጉሥ ስለ ከተመባት ወይም ጥንታዊ ገበያ ስለ ነበረባት አይደለም፤ የተራራው ቁመት የባቡሩን መንገድ ስላቆመው ነው። ያው ተራራ ደግሞ የአየር ጠባይዋን የሚወስንላት ሆነ። ይህን ነገር ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል።

ሰው ከፍታ ሲወጣ አየሩ በየ100 ሜትሩ ወደ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከድሬዳዋ እስከ ሐረር በመኪና የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ቢሆንም በከፍታ 600 ሜትር የሚበልጥ ልዩነት አለ። ስለዚህ ጧት ከሐረር ሹራብ ለብሶ የተነሣ ሰው ደንገጎን አልፎ ሲወርድ ሹራቡን ያወልቃል። የድሬዳዋ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ግን የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከዚያም የሚያልፍበት ቀን አለ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የከተማው ሰው ጋቢ የሚያወጣው በዚያን ጊዜ ነው።

ዝናቡም እንደዚሁ የተራራው ጉዳይ ነው። በክረምት እርጥበት የተሸከመው ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ፥ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደን በኩል ይመጣል። ይህ ነፋስ ወደ ከፍታዎቹ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ውሃውንም በወለጋና በጎጃም፥ በሸዋና በአርሲ ላይ ያራግፋል። ተራራውን ተሻግሮ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወርድ ግን ይሞቃል፤ ለድሬዳዋ የሚደርሳት ትራፊው ነው። በበልግ ግን ነፋሱ ከምሥራቅ፥ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ይመጣልና ምሥራቁ አገር ከአዲስ አበባ ባልተናነሰ ድርሻውን ያገኛል። በዚህ ምክንያት የድሬዳዋ ዝናብ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንደኛው በሚያዝያ፥ ሁለተኛው በነሐሴ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰኔ ደረቅና ሞቃት ሆኖ ያልፋል። በንግግራችን መጀመሪያ ላይ ያየነው ሠራተኛ በሰኔ በላብ የታጠበው በዚህ የተነሣ ነው። በጠቅላላው ድሬዳዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች።

ይህን ሁሉ በቊጥር መናገር የቻልነው መዝገብ ስለ ተያዘ ነው። በአገራችን የአየር ጠባይ መመዝገቢያ በመንግሥት ደረጃ በወጉ የተቋቋመው በ1940ዎቹ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር፤ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው ግን በ1973 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ስለ ሰማዩ በቊጥር ማወቅ ያስፈለገው ከገበሬው ይልቅ አብራሪው መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ጣቢያዎቹ በአውሮፕላን ማረፊያዎች አጠገብ ስለ ተተከሉ የሜዳውን ዝናብ በሚገባ ይመዘግባሉ። በተራራው ላይ የሚወርደውን ለማወቅ ግን ሌላ መሣሪያ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ነጥብ አድማጮቻችን እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሙቀቱ በከተማዪቱ አሠራርና በሰዉ ልማድ ላይ ታትሟል። በፈረንሳይ መሐንዲሶች ንድፍ የተሠራው ከዚራ ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና፥ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ፥ ወፍራም ግድግዳና ሰፊ ሰገነት አለው። ከወንዙ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ጠባብ መተላለፊያ አለው፤ አንዱ ቤት ለሌላው ጥላ ይሆንለታል። የፈረንሳዩ መሐንዲስ ከፀሐይ የሸሸው በዛፍ ነው፤ የመጋላው ነዋሪ በጎረቤቱ ግድግዳ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ዛፍ ውሃ ይጠይቃል፥ ግድግዳ ግን አይጠይቅም።

ከቀትር በኋላ ከተማዪቱ ጸጥ ትላለች። ሱቁ ይዘጋል፤ መንገዱ ባዶ ይሆናል፤ ሰው ሽርጡን ታጥቆ በቤቱ ይጋደማል። ጀንበር ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ በሩ ሁሉ እንደገና ይከፈታል፤ ሌሊቱም እስኪጋመስ ከተማው አይተኛም። ከደጋ የመጣ እንግዳ ይህን አይቶ «ሰነፎች ናቸው» ይላል። ይህን የሚናገረው ሰውም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ድሬዳዋ የወረደው በሰኔ፥ በጣም ቆንጆ የሱፍ ልብስ ለብሶ ነበርና ያንኑ ተናግሯል። በስምንት ሰዓት ፋይል ይዞ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ሲሄድ በመንገድ ላይ ያገኘው ሰው አንድ የውሃ ሻጭ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልብሱን በሻንጣ ውስጥ አስቀመጠ፤ በሳምንቱ ደግሞ በቀትር ተኛ። በጧት ማልዶ ገብቶ፥ በቀትር አርፎ፥ በማታ መሥራት የቆላ ከተማ ጥበብ ነው። የሥራ ሰዓት በደጋ ልክ ተሰፍሮ ለሁሉም ሲታደል ግን ከቀትር በኋላ ያለው የቢሮ ሰዓት ላብ ማፍሰሻ ብቻ ይሆናል።

የባቡሩ ሠራተኞች ከዚህ ሁሉ የበለጠ ሌላ ነገር ያውቁ ነበር። የጎረቤታችን የጅቡቲ አገር ትንሽ ናት፤ የዓመት ዝናቧም በዋና ከተማዋ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ያችኑም ጥቂት ዝናብ በአብዛኛው የምታገኘው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ቀዝቀዝ በሚለው ወራት ነው። በሰኔና በሐምሌ፥ አዲስ አበባ በዝናብ ስትታጠብ፥ በጅቡቲ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ከምድረ በዳ የሚነፍሰውም ደረቅ ነፋስ ፊት ይለበልባል። አንድ ባቡር ነጂ በነሐሴ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅቡቲ ሲገባ በአንድ ሐዲድ ላይ ከብርድ ወደ እሳት፥ ከጭቃ ወደ አሸዋ ያልፍ ነበር። የመንገዱ መካከል ድሬዳዋ ናት፤ ሞተሩ የሚታደሰው፥ ሠራተኛው የሚለዋወጠው በዚያ ነበር። ያ የዱሮ ባቡር ዛሬ ሥራውን ትቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው።

አሁን ወደ ደቻቱ እንምጣ። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለየው ወንዝ ነው። ወንዝ ማለታችን ስሙን ለማክበር እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ የአሸዋ ጎዳና ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ መኪና ይሄድበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ባቡሩን ይዘው በበጋ የመጡት ሰዎች ያዩት ይህን አሸዋ ነበር። ከእነርሱም በኋላ ኑሮ ፍለጋ ከየአቅጣጫው የመጣው ድኻ በከተማው መካከል ቦታ ሲያጣ ጎጆውን በዚያው ዳር ሠራ። በበጋ ለሚያየው ሰው ደቻቱ ማንም ያልያዘው፥ ለሥራ ቅርብ የሆነ፥ ሜዳ መሬት ነው።

የደቻቱ ውሃ ግን ከድሬዳዋ ሰማይ አይመጣም። የሚመጣው ከደንገጎና በዙሪያው ካሉት፥ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሚደርሱ ከፍታዎች ነው። በዚያ ላይ በማታ የጣለው ከባድ ዝናብ ቁልቁለቱን ተንደርድሮ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተማው ይደርሳል። በከተማው ሰማይ ላይ ኮከብ እየታየ፥ መሬቱም ደርቆ ሳለ፥ ወንዙ ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። ተራራው በደን ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን ዝናቡ በቅጠልና በሥር ተይዞ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር፤ ደኑ ለእርሻና ለማገዶ ከተመነጠረ ወዲህ ግን ውሃው አፈሩን ጭምር ይዞ በአንድ ጊዜ ይመጣል።

በ1973 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ከተማውን ጎድቶ ነበር። ሰው ግን ይረሳል፤ በዳሩም ላይ የሚሠራው ቤት እየበዛ ሄደ።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፥ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት፥ በከፍታው ላይ የጣለው ዝናብ ደቻቱን ሞላው። ሕዝቡ ተኝቶ ነበር። ውሃው ከአልጋው ወጥቶ በዳሩ ያሉትን ሰፈሮች ጠረገ፤ ቤቱን ከነሰዉ፥ መኪናውን ከነጭነቱ፥ የገበያውን ዕቃ ከነመደቡ ወሰደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች የደረሱበት ሳይታወቅ ቀረ፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር ሲሉ በዚያ የነበሩ ሰዎች ያስታውሳሉ፤ ሬሳ ይፈለግ የነበረውም በዚያው በጠራ ሰማይ ሥር፥ ከከተማው ወደ ሰሜን በተዘረጋው አሸዋ ውስጥ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ በደቡብ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ገደለ። የዚያ ዓመት ክረምት ለኢትዮጵያ ክፉ ክረምት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ከዳሩ የተነሡ ሰዎችም ሌላ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። በፊት ይዛችሁ ቆዩልን ያልናችሁ ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። በከተማው የአውሮፕላን ማረፊያ ያለው መለኪያ በዚያች ሌሊት በደንገጎ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሊያይ አይችልም ነበር። ለድሬዳዋ የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ ከራስዋ ሰማይ ሳይሆን ከተራራው ሰማይ የሚነበብ፥ በሌሊትም የሚነገር ነው። ከዚህም በላይ «ክረምት ሲያልፍ አደጋው ያልፋል» የሚለው የደጋ ስሌት እዚህ አይሠራም። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በበልግ ዝናብ የመጣ ደራሽ ጎርፍ በድሬዳዋ ሰው ገድሏል። የድሬዳዋ ዝናብ ሁለት ጫፍ ያለው እንደ ሆነ ፍርሃቷም ሁለት ጫፍ ሊኖረው ይገባል።

የወራቱ ሥርዓት የተዛባበት ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የትንኝ ነገር ነው። ስለ ወባ የምናውቀው የቆየ ዕውቀት፥ ዝናብ ሲያቆምና ኩሬ ሲበዛ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል የሚል ነው። የመድኃኒቱ ርጭትና የአጎበሩ እደላ የሚታቀደው በዚሁ መሠረት ነበር። ይሁን እንጂ አኖፌሌስ ስቴፌንሲ የተባለ፥ አገሩ በሕንድና በዐረብ በኩል የሆነ የወባ ትንኝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 በጅቡቲ ታየ፤ በ2016 በእኛ አገር በቀብሪ ደሐር ተገኘ። ይህ ትንኝ ኩሬ አይጠብቅም፤ በበርሜልና በጋን፥ በሰው ቤት በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይራባል። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ፥ ወባ ሊኖር በማይገባው በደረቁ ወራት፥ ወረርሽኝ ተነሣ፤ የመረመሩት ሊቃውንትም ምክንያቱ ይኸው ትንኝ መሆኑን አረጋገጡ። ቀደም ብሎም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 የደንጊ ትኩሳት፥ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባለው መገጣጠሚያ የሚያስይዝ ትኩሳት በከተማዪቱ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አሳምመው ነበር፤ የእነዚህም ትንኝ በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ይራባል።

ሕዝቡ ውሃ የሚያጠራቅመው ግን ወዶ አይደለም። ቧንቧው በየቀኑ በማይመጣበት ሰፈር በርሜል የሌለው ቤት ቤት አይደለም። ስለዚህ በድሬዳዋ በበጋ የሚመጣው ወባ የውሃ አቅርቦት ጉዳይ እንጂ የሐኪም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ትንኙን የሚያበዛው የበጋ ጥማት ነው።

የከተማዪቱ መጠጥ ውሃ በብዛት የሚቀዳው ከምድር በታች፥ በሳቢያን በኩል ካሉት ጕድጓዶች ነው። ያ የምድር ውስጥ ውሃ የሚተካው በተራራው ላይ በሚዘንበው ዝናብና በአሸዋው ውስጥ በሚሰርገው ጎርፍ ነው። ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ሰው ሲወስድ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ሊቈጣ ይችላል፤ ነገር ግን በጋውን የሚጠጣው ውሃ ያው ውሃ ነው።

በነሐሴ ማታ በመጋላ በኩል በወንዙ ዳር ከሚኖሩት ሰዎች ጋር ቡና ይዤ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሰማዩ በኮከብ ተሞልቶ ነበር። ከደንገጎ የወረደ አንድ የጭነት መኪና ከበሩ ላይ ሲቆም አንዲት እናት ስኒዋን አስቀምጠው ብድግ አሉና ሹፌሩ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ልጄ፥ ላይኛው አገር ዘንቧል ወይ?» ብለው ጠየቁት።